ቤት ለእንቦሳ ያላችሁት በማን ቤት ነው?

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለመንግሥት አይደለም። ለባንክም አይደለም። የኮንዶሚኒየም ነገር በተነሳ ቁጥር የእምዬን ወደ አብዬ ማላከክ ለምዶብናል። የሲሚንቶው ዋጋ፣ የዕጣው መዘግየት፣ ውሃና መብራት ሳይገባ ቁልፍ መሰጠቱ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ተብሏል። ዛሬ የማወራው ከእናንተ ጋር ነው። ከሰፈሬ ሰዎች፣ ከዕድርተኞቼ፣ በሌላም ሰፈር እንደኛው ከሆናችሁት ጋር።

ሴትየዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስሟን አልጠራም፤ የደረሰባት ይበቃታል። በ2005 ምዝገባ ሲከፈት ለ20/80 ባለ አንድ መኝታ ተመዘገበች። በወር 274 ብር። ዛሬ ይሄ ብር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ያኔ የደመወዟ ሲሶ ነበር። ከንጋት እስከ ረፋድ የቢሮ ሕንፃ ታጸዳለች። ከሰዓት በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ማታ ከነድካሟ ምጣድ ትጥዳለች። በረኪና የጣቶቿን ጫፍ ሰነጣጥቆት ሽንኩርት መክተፍ እስኪያቅታት ድረስ እንዲህ ኖረች። ሁለት ልጆች እያሳደገች፣ በየዓመቱ ኪራይ እየተጨመረባት፣ በአንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ።

የቁጠባ ደብተሯን አይቼዋለሁ። በፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። አልፎ አልፎ አንድ ወር ይዘለላል፤ በሚቀጥለው ወር እጥፉ ገብቷል። ያልከፈለችበትን አንዱን ወር ጠይቄያት ነበር። ልጇ ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል የተኛበት ነው አለችኝ። የሚቀጥለው ወር እጥፉ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኋትም። የ5 ዓመት ቁጠባ 16 ሺህ 440 ብር ነው። እሷ ከዚያም በኋላ አላቆመችም።

ዕጣው ወጣላት። ያን ቀን እልልታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። እናንተም እልል ብላችኋል፤ አመሰግናችኋለሁ፣ የልባችሁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የመጣው ውል ሊፈረም ሲል ነው። 20 በመቶው ቀድሞ ይከፈላል፣ ቀሪው በንግድ ባንክ ብድር ይሆናል። እሷ መቆጠብ ስትጀምር የታሰበው ዋጋና ቁልፍ ሲመጣ የተጠየቀው ዋጋ አይገናኙም። ጎደላት። ዕቁቧን አስቀድማ ወሰደች። የምታጥብላቸውን ሰዎች ለመነች። አሁንም ጎደላት። ቀነ ገደቡ እየቀረበ ነው።

ያኔ ነው ጎረቤቷ የመጣው። ሱቅ ያለው፣ ቤት ያለው፣ መኪና ያለው ሰው። ቤቷ ገብቶ ቡናዋን ጠጣ። «እኔ እያለሁማ ማን ይቀማሻል» አላት። ብሩን አበደራት። በሦስት ወር ካልመለሰች ቤቱን ልታስረክበው ውል ተጻፈ፤ ውክልናም ሰጠችው። ኮንዶሚኒየም በ5 ዓመት ውስጥ መሸጥ ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው ሽያጭ ያልተባለው። ብድር ተባለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ፈረመች።

ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል። ሦስቱም የዕድራችን ሰዎች ናቸው። ሴትየዋ በወር ምን እንደምታገኝ ሦስቱም ያውቃሉ። በሦስት ወር ያን ብር እንደማትመልስ አንብበው ሳይሆን ኖረው ያውቁታል። አንዳቸውም «ቆይ እስኪ፣ ትንሽ ጊዜ ስጣት» አላሉም። ብዕሩን ተቀባብለው ፈረሙ።

ሦስት ወር ሞላ። ሰውዬው አንድ ሳምንት እንኳ አልታገሰም። ለጥቂት ወር ብድር የእድሜዋን ድካም ወሰደ። ሴራሚክ አነጠፈ፣ ኮርኒስ አሠራ። ከዚያ በግ አርዶ ጠራችሁ።

እናንተም ሄዳችሁ። ይሄን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሰውዬው ስግብግብ ነው፤ ስግብግብ ሰው በየትም አለ። እናንተ ግን ቀሚሳችሁን ለብሳችሁ፣ ጋቢያችሁን ደርባችሁ፣ ታክሲ ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ። በሩ ላይ ቆማችሁ «ቤት ለእንቦሳ» አላችሁ። «እንቦሳ እሰሩ» ተባላችሁ። ገባችሁ፣ በላችሁ፣ መረቃችሁ። እሷ ያን ቀን የሰው ልብስ ታጥብ ነበር።

በማን ቤት ነው ቤት ለእንቦሳ ያላችሁት?

ስትመለሱ ደግሞ «ጎበዝ ነው፣ ሥራ ያውቃል» አላችሁ። ስለ እሷ ሲነሳ «ምን ታድርግ፣ ዕድሏ ነው» አላችሁ። ዕድሏማ ወጥቶላት ነበር! ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ይያዝ ሲባል እንደ እሷ ያለችው ታስባ ነው። ወረቀት ላይ ያሰባት ሰው ነበር። ጉርብትና ላይ ጠፋ።

ሐምሌ 2014 ላይ የ14ኛው ዙር ዕጣ ያልቆጠቡ ሰዎች ገብተውበታል ተብሎ ሲሰረዝ እንዴት እንደጮህን ታስታውሳላችሁ። ሌባ፣ ቀማኛ፣ ያልተባለ የለም። ልክ ነበርን። ኮምፒውተር ነካክቶ የደሃ ቤት የወሰደ ሌባ ከሆነ፣ ቡና ጠጥቶ ውክልና አስፈርሞ የወሰደውስ ምን ይባላል? ይሄኛው አበዳሪ ሆነ፣ ደላላው ኮሚሽኑን በላ፣ ምስክሩ የሻይ ተሰጠው፣ እኛ ሥጋ በላን። የእኛ ሰፈር ብቻም አይመስለኝ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገና ቁልፍ ሳይቀበል ደላላ በሩ ላይ እንደሚቆም የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

አዝናለሁ። ከቁጣዬ ይልቅ ሐዘኔ ይበልጣል። ክፉ ሰዎች ብትሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እናንተ ግን ሰው ሲሞት ሌሊቱን ድንኳን የምትተክሉ፣ ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ቀን ሙሉ ከለቀስተኛ ጋር የምትውሉ ሰዎች ናችሁ። የዚህችው ሴትዮ እናት ሲሞቱ ማን ተሸከማቸው? እናንተ። ታዲያ በሕይወት ላለ ሰው ጉልበታችን የት ነው የሚሄደው? የዕድራችን ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል። ለቀብር እንጂ ለቅድመ ክፍያ አይወጣም ይላል ደንቡ። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። ቁልፍ ሊያመልጠው ለተቃረበ አባል የጎደለችውን ማበደር፣ በዓመት በሁለት ዓመት ቀስ ብሎ እንዲመልስ ማድረግ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም። ካሬው በመቶ ሺህ ብር በሚጠራበት ከተማ የጽዳት ሠራተኛ ሌላ ቤት የምታገኝበት መንገድ የላትም።

አሁንም ልለምናችሁ። ወንድሜ፣ ቤቱን የያዝከው፣ ብርህን ከተገቢው ጭማሪ ጋር ተቀበልና ውክልናውን መልስ። ሦስታችሁ የፈረማችሁ፣ ያያችሁትን ተናገሩ። ሌሎቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሙ ስትባሉ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ድግሱም ይቅርባችሁ።

ብዙ አልጠብቅም፤ ስንት ጊዜ ተናግሬ ስንት ጊዜ «ይሁን እስቲ፣ እናያለን» ተብያለሁ። ቢሆንም ለእሑዱ የዕድር ስብሰባ ሁለቱንም ጉዳይ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ የሴትየዋን ቤትና የብድሩን ደንብ። ከምስክሮቹ አንዱ ትናንት መንገድ ላይ አስቁሞኝ «እኔ እናገራለሁ» ብሎኛል። ይጽና አይጽና አላውቅም። ብቻውን እንዳይቆም ግን እናንተም ኑ። ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።