ዛሬ ጤዛው ስንት ገባ?

እንግሊዝ ስለ አየር ጠባይ ማውራት ይወዳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ ሐሜት ነው። እንግሊዝ የሚወደው ስለ ዝናብ ማውራት ነው። ለካፊያውም፣ ለዶፉም፣ "ዘነበ ቢሉት ያሳፍራል፣ አልዘነበም ቢሉት ያበሰብሳል" ለሚያሰኘው ዓይነትም የተዘጋጀ ቃል፣ የተዘጋጀ ትከሻና የተዘጋጀ ጃንጥላ አለው። ወበቅ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ትጥቅ ይወልቃል። ለወበቅ የሚሆን ጨዋነት እዚህ አገር ገና አልተሠራም። ባንክ የሚያስተዳድረውም ባንኩን የሚያጸዳውም እኩል ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሰው ሰውን አያይም፤ የሚተያዩት ብብቶች ናቸው።

ቁጥሩን ስታዩት ደግሞ ያናድዳል። 27 ዲግሪ! 27 ምን አላት? ድሬዳዋ 27 ስትገባ ሰው "ተመስገን፣ ዛሬ ነፈሰልን" ይላል። ለንደን ላይ ግን ይህችው 27 ሰውን ሙሉ ሌሊት አልጋው ላይ ስታገላብጥ ታድራለች። ምሥጢሩ ያለው ቴርሞሜትሩ የማይናገረው ሌላ ቁጥር ላይ ነው፤ የጤዛ ነጥብ ይሉታል። አየሩ ስንት ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ነው ያዘለው ተን ጤዛ መሆን የሚጀምረው? መልሱ ያ ቁጥር ነው። 10 አካባቢ ሲሆን አየር የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አይለን። 16ን ሲያልፍ ኮሌታ መነካካት ይጀመራል። 20 ሲደርስ፣ ብሪታንያ ውስጥ ይህ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፣ ከቆዳ ሶፋ የሚነሳ ሰው ሶፋውን አስከትሎ ሊነሳ ይቃጣዋል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለሚተን ነው። አየሩ ራሱ ተን ጠግቦ ሲያገሳ ላቡ ወዴት ይሂድ? እዚያው ግንባራችን ላይ ይሰፍራል።

ሒሳብ ለሚወድ፦ የጤዛው ነጥብ 20 ሲሆን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 17 ግራም ያህል ውኃ አለ። አራት ሜትር በአምስት፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ሳሎን ቢኖራችሁ (ለንደን ውስጥ ካላችሁ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ) ከ850 ግራም በላይ ውኃ ከሶፋችሁና ከቴሌቪዥናችሁ መካከል ተንሳፍፎ ይኖራል ማለት ነው። አንድ ሃይላንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ኪራይ የማይከፍል ደባል።

የ2025ቱ ሰመር ይህን ደባል በደንብ አስተዋወቀን። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከ1884 ጀምሮ በያዘው መዝገብ ያን ያህል የሞቀ ሰመር የለም አለ። አማካዩ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 16.1 ዲግሪ። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ይህን ብነግረው "ታዲያ ጃኬት ልላክልህ?" አለኝ። አማካይ ማለት እንዲህ ነው፤ ሌሊቱንም፣ ስኮትላንድንም፣ በጎቹንም ይቆጥራል። ለንደን ውስጥ ከምድር በታች የሚሄደውን የሴንትራል መስመር ባቡር ግን አይሳፈርም። በዚያው ሰመር በዮርክሻየርና በሌሎችም አካባቢዎች ጓሮ በጎማ ማጠጣት ተከልክሎ ነበር። አስቡት፤ ሳሩ ቢጫ ሆኖ ይሞታል፣ ባለቤቱ ሳሎኑ ውስጥ በተን ይጠበሳል። ውኃው አለ፤ ያለበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ሴንትራል መስመርን ካነሳን፣ የተከፈተው በ1900 ነው። ዋሻው ሲቆፈር ዙሪያው ያለው የለንደን ሸክላ አፈር 14 ዲግሪ ገደማ ስለነበር ያኔ የምድር ውስጥ ባቡር በበጋ የሚቀዘቅዝ ቦታ እየተባለ ይተዋወቅ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የባቡር ፍሬንና የሰው ትንፋሽ ያሞቀው ያ ሸክላ ዛሬ በተራው መልሶ ያሞቀናል። ባቡሮቹ ማቀዝቀዣ የላቸውም። ሠራተኛውም ቢሆን "እዚህ ሙቀት ውስጥ አልሠራም" ብሎ የሚጠቅሰው ቁጥር የለውም፤ የብሪታንያ መመሪያ የሥራ ቦታ ሙቀት ከ16 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይመክራል እንጂ ከስንት በላይ እንዳይወጣ የሚል የሕግ ጣሪያ አላበጀም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሰው በብርድ እንደሚሞት ያውቃሉ። በሙቀት ግን ሰው የሚሞተው ውጭ አገር ነው።

ይህ ክህደት ከፍ ያለም ቦታ ይደርሳል። በጁን 2023 የንጉሡ ዘበኞች ያንን የድብ ጠጉር ባርኔጣና ወፍራም የሱፍ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በ30 ዲግሪ ሙቀት ልዑል ዊልያም ፊት ሲለማመዱ ቢያንስ ሦስቱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። አንዱ ትሮምቦን ነፊ ነበር፤ ተነስቶ መንፋቱን ሊቀጥል ሞከረ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ እንግሊዝን የሚገልጽ ነገር አላየሁም።

ደግሞ ጤዛን ቀደም ብለው ያጠኑት እነሱው ናቸው! እኛ ጤዛና የበግ ጠጉር አንድ ላይ ሲነሳ ጌዴዎን ነው ትዝ የሚለን፤ ፀምሩን አውድማ ላይ ዘርግቶ ጠል ሲወርድበት ምልክቱን ተቀበለ። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የሚባል የለንደን ሐኪም ግን ፀምሩን ሌሊት ሜዳ ላይ እያሳደረ በሚዛን ይመዝነው ነበር፤ ስንት ጠል እንደ ጠጣ ለማወቅ። ጥናቱን በ1814 አሳተመ። ጌዴዎን ምድያማውያንን አሸነፈ፣ ዌልስ ሜዳልያ ተሸለመ። በ1820 ደግሞ ጆን ፍሬደሪክ ዳንኤል ኤተር በሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ የሚቀዘቅዝ የብርጭቆ መሣሪያ ሠርቶ ጤዛው ብርጭቆው ላይ ብቅ የሚልበትን ዲግሪ ማንበብ ተቻለ። እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነገሩን በሚዛንና በዲግሪ ያወቀ ሕዝብ፣ ከዚያ በኋላ ሙቀት ይዞ የማይለቅ የጡብ ቤት በየሰፈሩ ሠርቶ፣ ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ አልብሶ ገባበት።

ለእኛ ለሐበሾቹ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ወበቅ በመጣ ቁጥር ሥራ ቦታ የባለሙያ ማዕረግ ይሰጠናል። "ለአንተማ ይሄ ምንም አይደል፣ እንደ አገርህ ነው" ይሉኛል፣ ፊታቸው ቲማቲም ሆኖ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ እንዳደግሁ፣ ሐምሌ ላይ በሁለት ሹራብ ትምህርት ቤት እንደ ሄድኩ፣ እናቴ ጥርና የካቲትንም ቢሆን እንደማታምን ማን ይነግራቸው? አፍሪካ ሙቅ ነው፤ አለቀ። ከእኛ መካከል በእውነት ማዕረጉ የሚገባት ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ደማም በምትባል ከተማ ዓመታት የሠራች አንዲት እህታችን ናት። እዚያው ጎረቤት ዳህራን ላይ በጁላይ 2003 የጤዛው ነጥብ 35 ገብቶ ተመዝግቧል። ሠላሳ አምስት! ቴርሞሜትሩ አይደለም፣ ጤዛው! እሷ እንግሊዞቹ በ20 ሲያማርሩ ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። "እዚያ ግን ቤት ውስጥ ኤሲ ነበረን" ትልና ከዚያ ሳቋን ታቆማለች።

ትልቁ ጦርነት ያለው መስኮት ላይ ነው። አንድ የማኅበር ቅዳሜ በደቡብ ለንደን፣ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ያህል ተሰብስበን፣ ወጡ እየተንተከተከ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ውጭ ቅጠል አይነቃነቅም። መስኮቱ ሕፃን እንዳይወድቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የሚከፈተው አንድ ስንዝር ነው። ያችም ስንዝር ብዙ ሆነች።

"ያንን መስኮት መልሱት" አሉ ጋሼ፣ ላባቸውን በሶፍት እየጠረጉ። አንገታቸው ላይ ሻርፕ አለ።

"ኧረ ጋሼ፣ ልንታፈን ነው እኮ!"

"መታፈን ይሻላል። ላብ ላይ ንፋስ ሲመታ ፊት ያጣምማል። ከተጣመመ ወዲያ ማን ነው የሚያስታምመኝ፣ አንተ?"

እዚሁ አገር የተወለደው የቤቱ እመቤት ልጅ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ ንፋስ ፊት አያጣምምም። ሳይንስ እኮ..."

"አንተን አያጣምምም" አሉት በርኅራኄ። "አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ ንፋሱ ያውቅሃል።"

ልጁ መልስ አጣ። እኔም ብሆን ለዚህ መልስ የለኝም።

ፋን ይምጣ ተባለ። መጣ። ወደ ማን ይዙር? ወደ ጋሼ አይሆንም። ወደ ነፍሰ ጡሯ አይሆንም። እትዬ ጉንፋን ጀምሯቸዋል። ወደ ረከቦቱ ቢዞር ከሰሉ አመዱን ያነሳል። ከብዙ ሽምግልና በኋላ ፋኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ከመካከላችን የቀዘቀዘው ትንበያ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነበር። ዕጣኑ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቀሰቀሰው። እትዬ ወንበር ላይ ወጥተው በነጠላቸው አራገቡለት፤ ለካ ንፋስ ሲፈለግ ይፈጠራል።

ልጁ እንደ ተሸነፈ አልቀረም። ስልኩን አወጣና የጤዛ ነጥብ የሚባለውን አስረዳን፤ ጥሩ አድርጎም አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ተለወጠ። "እንዴት አደራችሁ" ተረሳ። ጠዋት ስልክ ሲነሳ ልክ ጤፍ እንደሚጠየቀው "ዛሬ ጤዛው ስንት ገባ?" ነው።

"21 ገባ።"

"ምነው! ትናንት 19 አልነበረም?"

"ከፈረንሳይ በኩል ነው የገባው አሉ።"

"እነሱ ደግሞ ከየት አመጡት?"

"ከስፔን።"

"አይ፣ ደላላ በዛበት!"

ይህ እንኳ ቀልድ ብቻ አይደለም። ከስፔንና ከፈረንሳይ የሚነሳው ሞቃት አየር፣ በመንገዱ ያለው ባሕርም ሲሞቅ፣ ተኑን ይዞ ብሪታንያ ይደርሳል፤ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ነጎድጓድ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ የሚጎዳው እንጀራ ነው። ቡሆው ሌሊት ኩፍ ብሎ ከባልዲው ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ያድራል። ቅዳሜ የተጋገረው ሰኞ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነጥብ ያወጣል። እትዬ ነጥቦቹን በጣታቸው እያሳዩ "የጤዛ ነጥብ ያልከው ይኼንን ነው?" ብለው ልጁን ጠየቁት። አይደለም ሊላቸው አልደፈረም፤ ደግሞ ብዙም አልራቁም።

በዚህ ጊዜ ነው የኤሲው ዕቁብ የተጀመረው። ከቦታ ቦታ የሚገፋ ኤር ኮንዲሽነር ለአንድ ሰው ኪስ ይከብዳል፤ እያዋጣን በዕጣ ለአንድ ለአንድ ሰው እንዲገዛ ተስማማን። የመጀመሪያው ዕጣ ለማን ወጣ? ለጋሼ። "ንፋስ በገንዘቤ ገዝቼ ልግባ?" ብለው ተቆጡ፤ ግን ዕጣ ዕጣ ነው፣ የደረሰን አይመልሱም። ማሽኑ በመጣበት ቀን ማታ ሰማዩ ተቀደደ፤ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ዶፍ። በማግስቱ ጤዛው 11 ወረደ። ሰው ሁሉ "በረደ አይደል?" እያለ ጃኬት ፈለገ። ኤሲው ከነካርቶኑ ጋሼ ኮሪደር ላይ ቆሞ ኮት መስቀያ ሆነ።

ኖቬምበር ላይ የጋሼ መስኮት ከውስጥ ማላብ ጀመረ። ነገሩ ያው የጤዛ ነጥብ ነው፤ ሽሮውም፣ ሻዩም፣ ራዲያተር ላይ የተሰጣው ካልሲም ተኑን አየሩ ውስጥ ይለቃል፤ መስታወቱ ደግሞ ከጤዛው ነጥብ በታች ስለሚቀዘቅዝ ውኃው እዚያ ላይ ይወርዳል። ከመኝታ ቤቱ ጥግ ጥቁር ሻጋታ ብቅ አለ። ቤት አከራዩ ደብዳቤ ጻፈላቸው፦ ችግሩ የአኗኗርዎ ነው፣ ሲያበስሉ መስኮት ይክፈቱ። በኖቬምበር! ጋሼ ደብዳቤውን ለልጁ አስነብበው ዝም አሉ። ልጁ የማሽኑን ካርቶን ፈታና አንዷን ቁልፍ አሳያቸው፤ ማቀዝቀዙን ትታ እርጥበቱን ብቻ ከአየሩ እየጠጣች የምታጠራቅም።

አሁን ጋሼ በየማለዳው እየደወሉ ከማሽኑ ስንት ሊትር እንደ ደፉ ይነግሩናል። እርጥብ ልብስ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ወረፋ ይይዛል። ባለፈው አከራዩ ለቁጥጥር መጥቶ የደረቀውን ግድግዳ በእጁ ዳሰሰና "አዩ፣ መስኮት መክፈት እንዲህ ነው የሚጠቅመው" ብሎ አመስግኗቸው ሄደ። መስኮቱን ጋሼ ከመስቀል ጀምሮ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገውታል።