ማይ

ኩዌት በገባሁ በሳምንቱ ነው። አረብኛ የሚባል አልሰማም። ሁላችንም «ማማ» የምንላቸው የቤቱ አሮጊት አልጋቸው ላይ እንደተኙ «ማይ፣ ማይ» አሉኝ። ሮጬ ውሃ አመጣሁላቸው። ሲጠጡ ቆሜ እያየሁ ልቤ ይመታ ነበር። ቃሉን የማውቀው ከየኔታ ነበርና፤ የኖኅን ዘመን የጥፋት ውሃ «ማየ አይኅ» እያሉ ሲተርኩልን።

የመጽሐፉ አረብኛ «ማእ» ይለዋል፤ የኩዌት ሰው አፍ ግን ልክ እንደ ግዕዙ «ማይ» ነው። ዕብራይስጡ «ማይም»፣ ትግርኛውም «ማይ»። አማርኛችን «ውሃ» ብሎ ማይን ለቤተ ክርስቲያን ተወው። ማይጨውን የማውቀው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ነበር፤ ስሙ ራሱ የጨው ውሃ ማለት መሆኑን ልብ ያልኩት እዚህ መጥቼ ነው።

ፊደሉስ! በግዕዝ የ«ሀ» ስም ሆይ፣ የ«መ» ስም ማይ ነው። የጥንት ሴማውያን ይህችን ድምፅ የውሃ ሞገድ በሚመስል ምልክት ይጽፏት ነበር፤ የፈረንጆቹ «ኤም» ዛሬም ሞገዷን እንደያዘች አለች። «መ» ብለን የቆጠርን ልጆች ሁሉ ውሃ ብለናል፤ የነገረን ግን አልነበረም። ይህ ይቆጨኛል።

ኩዌት ወንዝ የላትም። ከቧንቧው የሚወርደው አብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። ሆኖም በየሰፈሩ ከአጥር ውጪ፣ ለአላፊ አግዳሚ የተተከለ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ አለ፤ «ሰቢል» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ለሞተ ወላጅ ነፍስ የሚደረግ ምጽዋት ነው። በነሐሴ ሐሩር ጎዳና ጠራጊው ቆብ አውልቆ ሲጎነጭ ሳይ፣ ውሃ ለለመነ መንገደኛ ጠላ የሚቀዱት የገጠር እናቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ከተማችን ግን፣ ያን ሁሉ ወንዝ ባላት አገር፣ ቢጫ ጀሪካን አሰልፎ ፈረቃ ይጠብቃል።

ባለፈው እናቴ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ሌሊት መጣልን እኮ! በርሜሉም ሞላ፣ ባልዲውም ሞላ» አለችኝ፤ ድምፅዋ የሠርግ ነበር። ማማ ከአልጋቸው ቀና ብለው ምን አለች አሉኝ።

«ማይ» አልኳቸው።