«በኋላ አስታውሰኝ» ለሚሉ ጽኑዓን የቀረበ ውዳሴ

ታማኝነት ከምድረ ገጽ ጠፋ እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለው አሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲከፈት የሚያሰማውን ዜማ ዛሬም በየጠዋቱ የሚሰማ ቤተሰብ አላዩም ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ለገበያ አቀረበ፤ ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ደግሞ ከእንግዲህ የደኅንነት ጥገና አላወጣለትም ብሎ እጁን ታጠበ። ወላጁ የካደውን ልጅ ግን አሳዳጊዎቹ አልካዱትም። ዊንዶውስ 7 በጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያው ስንብት ሲደርሳቸው፣ ለታማኞቹ ማኅበር አዳዲስ አባላት ጎረፉለት።

እነዚህን ሰዎች በክርክር የሚረታ አልተወለደም። «እስካሁን ምን ሆንኩ?» ይላሉ፤ አለቀ። ከገፏቸው ደግሞ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን ይጨምሩልዎታል። ሰይጣኑን በእርግጥ ያውቁታል ወይ ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ ነው። የዘመኑ ሌባ በር ሰብሮ፣ ዕቃ ተሸክሞ አይወጣም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ አድፍጦ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ይልክበታል፣ ሌሎችን ያጠቃበታል። ባለቤቱም «ዛሬስ ዘገየብኝ፤ እርጅና ነው» እያለ ከልቡ ያዝንለታል።

ለሌባው ድካም ማሰባቸውም አይረሳ። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ከአሮጌዎቹ የወረሱት ብዙ ኮድ (የፕሮግራም ጽሑፍ) አለ። በአዲሱ ላይ ክፍተት ተገኝቶ መጠገኛ ሲወጣ፣ ሰርጎ ገቦች መጠገኛውን ፈታትተው የቱ ጋ ምን እንደተደፈነ ያያሉ፤ ያው ክፍተት በአሮጌው ላይ ካለ ደፋኝ የለውም። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ለሌሎች መጠገኛ ባከፋፈለ ቁጥር፣ ወደ ታማኞቻችን ቤት የሚያስገባው ካርታም አብሮ ይታደላል።

ጽናት የሚፈተነው ግን ጥገናው ደጃፍ ድረስ መጥቶ ሲለምን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 አንድ መጠገኛ ወጣ። ብዙዎች «በኋላ አስታውሰኝ» የምትለውን ቁልፍ ተጫኑ። በማግስቱም ተጫኑ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሲጸኑ ከርመው፣ ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያችው ባልተደፈነች ቀዳዳ ገብቶ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ፋይል መቆለፍ ጀመረ። ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ነበሩ፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ያኔ ጥገና ያልተቋረጠበት፣ መጠገኛው በነፃ የቀረበለት ሥርዓት ነበር። አጥቂዎቹ ደንበኛ አክባሪዎች ናቸው፤ የገንዘብ ጥያቄያቸውን በ28 ቋንቋዎች አዘጋጅተዋል። 300 ዶላር በቢትኮይን፣ ከ3 ቀን በኋላ እጥፍ፣ ከ7 ቀን በኋላ ፋይሉን ደህና ሰንብት። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። «በኋላ አስታውሰኝ» የሚል ቁልፍ ግን አላኖሩበትም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የእንግዳ አቀባበላቸውን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከየትም የመጣ ፍላሽ ዲስክ ያለ ፍተሻ ይሰካል። ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመሩ አቋራጮች) ሆነዋል፤ መጠናቸውም አንድ ሁለት ኪሎባይት ብቻ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ የእኛ ሰው ሁለቴ ጠቅ ያደርጋል። ቫይረሱም ጨዋ ነው፦ መጀመሪያ ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ይተክላል፣ ወዲያውም የደበቀውን እውነተኛ ፎልደር ከፍቶ ያሳያል። ፎቶው አለ፣ ደብዳቤው አለ፤ ታዲያ ምን ጎደለ? በዚያ ላይ ኮምፒውተሩን የሚከፍት ሁሉ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪው ሳይቀር፣ ሁሉን መጫንና መለወጥ በሚያስችለው የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ነው የሚገባው። የይለፍ ቃልም የለም፤ በቤተሰብ መካከል ምን ምስጢር አለ? እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሳው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዳረሰው እንዲህ ያለ ደግነት አግኝቶ ነው። (የእሱም መጠገኛ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ግን ማን ይቸኩላል።)

ፀረ ቫይረስ የላቸውም የሚል ካለ ስም አጥፊ ነው። አላቸው። የቫይረስ ዝርዝሩን ማደስ ካቆመ ዓመታት ያለፈው ቢሆንም ምልክቱ ከሰዓቱ አጠገብ ተቀምጧል።

ሰዓቱን ካነሳን ደግሞ፣ እሱ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ወደ ልደት ዘመኑ ይመለሳል። ብራውዘሩ የድረ ገጹን ማንነት የሚመሰክረውን የደኅንነት ሰርተፊኬት ያይና «ይህ ገና ወደፊት የሚጸና ነው» ብሎ አልከፍትም ይላል። ባለቤቱ በየጠዋቱ ዓመቱን በእጁ ያስተካክላል፤ ሲሰለቸው ማስጠንቀቂያውን «ችግር የለውም፣ ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህም ልማድ ሆኖ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ የመጣ ቀን ያገለግለዋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ሲአር 2032 የምትባለውን ባትሪ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ቅለቱ ይመስለኛል። ክሮምና ፋየርፎክስ የተባሉት ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 በቅደም ተከተል ኤክስፒን ማገልገል ስላቆሙም ገጾች ተሰባብረው ይታያሉ። ጥፋቱ እርግጥ የገጾቹ ነው።

አሁን ስለ ከሃዲዎቹ። እነዚህ አሮጌውን ኮምፒውተር አይጥሉትም፤ ይባስ ብለው ያዋርዱታል። የኢንተርኔት ገመዱን ይነቅሉና ደብዳቤ መጻፊያና የድሮ ጨዋታ መጫወቻ ያደርጉታል፤ የባንክ ጉዳያቸውን ዝማኔ በሚደርሰው ስልክ ይጨርሳሉ። ዊንዶውስ 10 ያላቸው እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ለሚዘልቀው የተራዘመ የደኅንነት ጥገና ይመዘገባሉ። ሌሎቹ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሥርዓት በፍላሽ አስነስተው፣ ዲስኩን ሳይነኩ ድምፁና ዋይፋዩ መሥራቱን ካዩ በኋላ ይጭኑታል። ለዕለት ሥራ ሥልጣኑ የተገደበ አካውንት ይከፍታሉ፣ ለገዛ ልጆቻቸው! ፎቶዎቻቸውን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለብጡና ቆላፊ ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል ብለው ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ይህም አልበቃቸው ብሎ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር እየከፈቱ ፎቶዎቹ በትክክል መታየታቸውን አንድ በአንድ ያረጋግጣሉ። በገዛ ቅጂው የማይተማመን ሰው «እስካሁን ምን ሆንኩ?» ለማለት ድፍረቱን ከየት ያመጣል?