ይድረስ ለክቡር የሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት

ባሉበት

ጉዳዩ፦ መርካቴን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን አልጠይቅም። ከዘጠና በመቶ በታች ወርደው ያየዎት ሰው ስለሌለ ታመው እንደማያውቁ እንረዳለን። ባለፈው ማክሰኞ በእርስዎ ምክንያት ያገኘሁትን ክብር ግን ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

የጠፋብኝን ማስረጃ ምትክ ለማውጣት ስመላለስበት የከረምኩት መሥሪያ ቤት (ስሙን ልተወው፤ የእናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም) በዚያ ቀን ግቢውን አጥቦ ጠበቀኝ። የቋሚ ኮሚቴ የመስክ ምልከታ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር አቧራው ተራግፎለት «ምትክ ማስረጃ፦ 30 ደቂቃ» የሚለው መስመር ከበሩ ጀምሮ ይነበባል። ባጅ ያንጠለጠለች የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ በሰልፉ ዳር ዳር እየሄደች ፊታችንን ትመረምር ጀመር። ልጅ ያዘሉ እናቶች «ለጊዜው» ተብለው ወደ ጓሮ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ወዳለው የቆርቆሮ ጥላ ተሸኙ። ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎችም ተከተሉ። እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ከሰዓት ለቅሶ ልደርስ ብዬ የለበስኩት ጥቁር ኮት አዳነኝ። «እርስዎ እዚህ ይቀመጡልን» አለችና፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠለት ወንበር ላይ እንደ ሚዜ አስቀመጠችኝ። የታሸገ ውሃም አስያዘችኝ።

«ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለይቶት የማያውቀው መስኮት ወለል ብሎ ተከፈተ። ሲስተሙም ነበር፤ ኮምፒውተሩም በርቷል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ በስሜ ጠርታ «እንደምን አደሩ?» ማለቷ ነው። ለካ ስሜ የተጻፈበት ፋይል፣ «እየተፈለገ ነው» የተባልኩት፣ ፊቷ ተቀምጧል።

የተከበሩት አባላት ገቡ። አንደኛው ጎንበስ ብለው «አገልግሎቱን እንዴት አገኙት?» አሉኝ። አፌን ስከፍት ከኋላዬ የቆመው ኃላፊ ቀደመኝ፦ «ጉዳያቸው ተጠናቆላቸዋል፤ እጅግ ረክተዋል።» ካሜራው ብልጭ አለ። እንደራሴው «አበረታች ነው» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉና እርስዎ በፕሮጀክተር ወደሚታዩበት አዳራሽ አለፉ።

መስኮቱ ተዘጋ። አንኳኳሁ። «የእኔስ ጉዳይ?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ተጠናቋል ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ገብቷል። አሁን ብንሠራው ድግግሞሽ ይሆንብናል። ሩብ ዓመቱ ይዘጋና ይምጡ።»

ውሃውንም ተቀበለችኝ፤ ገና አልከፈትኩትም ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አገልግሎት ሳያገኙ መርካት እንደሚቻል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የቀድሞዎቹን ቅሬታዎቼን በዚህ ደስታ መካከል ማንሳት አይገባኝም ነበር። በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ መጨረሻ «ሠራተኞች ሪፖርት ላይ ናቸው» እየተባልን ከበር መመለሳችንን ረስቼዋለሁ። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን በሚሉ የአሠራር ማሻሻያ ስሞች ልብስ ሲቀየርልዎት ሰልፉ እዚያው መቆሙንም ይቅር ብያለሁ። አንዴ ቅጂዎን ብጠይቅ «ለበላይ አካል ብቻ ነው» ተባልኩ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል ብዬ ብከራከር፣ ጥበቃው ራሱ ሳቀ። «ለዚህን ያህል ሰው ግንዛቤ ተፈጥሯል፤ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ይህን ያህል፣ ድምር» የሚለው ሠንጠረዥዎ ግን አሁንም ያስቀናኛል። ግንዛቤ ሲፈጠር የሚለካበትን መሣሪያ አንድ ቀን ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

አሁንስ «እርስዎ» ማለቱ ታከተኝ። ስማኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ብሏል። በአንቀጽ 55 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንተ ለዚያ ጥያቄ መነሻ እንድትሆን ነበር የታሰብከው። አሁን ግን መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን ራሱ ያወጣል፣ አፈጻጸሙን ራሱ ይለካል፣ ውጤቱን ራሱ ይጽፋል፤ የሚያዳምጠው ቤት «በጥንካሬ የሚታይ ነው» ይልና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። ዕቅዱ ዝቅ ብሎ ከታቀደ ከመቶ በመቶ በላይ መፈጸም ምን ያቅታል?

ለዚያው ምክር ቤት የሚቀርብ ሌላ ሪፖርትም አለ፤ ዋና ኦዲተር በአንቀጽ 101 መሠረት የሚያቀርበው። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ በቂ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ እያለ ዓመት ከዓመት ሲዘረዝር ሰምተናል። አንተንና እሱን በተከታታይ ያነበበ ሰው ስለ ሁለት አገር የተጻፉ ይመስሉታል። አልዋሽም፣ ኃላፊ በኦዲት ግኝት ሲፋጠጥ በቴሌቪዥን አይተን አንጀታችን የራሰበት ቀን ነበር። ከዚያስ? «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይባላል፤ አንተም በሚቀጥለው ሩብ ዓመት «በትኩረት እየተሠራ ነው» ብለህ ትመጣለህ።

ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆማ ልጇን በነጠላዋ ጠርዝ ከጭሱ ስትከልል የዋለችው ሴት የት ገጽህ ላይ አለች? «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥር የጻፍከውን አውቃለሁ፦ የወንበር እጥረት። እሷ የቆመችው ወንበር ስለጠፋ ሳይሆን እንዳትታይ ስለተፈለገ ነው። እኔ ደግሞ እንድታይ ስለተፈለገ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ማስረጃችንን አላገኘንም፤ ሁለታችንም ተጠናቀናል።

ከሠላምታ ጋር፣
«ወንድ» በሚለው ዓምድ የተደመርኩት ተገልጋይ

ግልባጭ፦
ለቋሚ ኮሚቴው፦ ለሚቀጥለው ምልከታ ደብዳቤ አይጻፍ፤ ቀኑ አይነገር፤ አገባቡም በጓሮ በኩል ይሁን።
ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል፦ ፎቶውን ብትልኩልኝ፤ ማስረጃዬ እስኪወጣ በእሱ እጠቀማለሁ።
ለመዝገብ ቤት፦ ፋይሉ ደግሞ ካልጠፋ።