ሁለት ፓኬት ለአንድ ሰው

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «9 ሚሊ ረክሷል አሉ፣ ሳይወደድብን ካርቶን ካርቶን እንግዛ» አለኝ። 9 ሚሊ የሚለው የሽጉጥ ጥይት ነው፣ ካርቶን ሲል ደግሞ 1000 ጥይት ማለቱ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ ከዛ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም እኔና እሱ በ2020 እና በ2021 (የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) እዚህ ቨርጂኒያ ጥይት የጠፋ ጊዜ ገና ሳይነጋ ስቶር በር ላይ ተሰልፈን የከረምን ሰዎች ነን፣ ያኔ ደግሞ ገዝተው የሚከምሩትን እንደሱ የሚራገም ሰው አላየሁም።

ነገሩን ለማያስታውስ ልንገረው። ኮቪድ ገባ፣ ከዛ ሰኔ ላይ የጆርጅ ፍሎይድ ሰልፉና የመስታወት ሰበራው ተከተለ፣ ከዛ ምርጫ። ሰው ሁሉ ሽጉጥ ፍለጋ ወጣ። የኛም ሰዎች አልቀሩም፣ ሱቅ ያለው፣ ማታ ታክሲ የሚነዳው፣ ጋዝ ስቴሽን የሚያድረው ሁሉ «እኔስ ምን አለኝ» ማለት ጀመረ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በህግ መግዛት ይችላል። ኤፍቢአይ በ2019 የሰራው ባክግራውንድ ቼክ (መሣሪያ ሊገዛ የመጣን ሰው የጀርባ ታሪክ ማጣራት) 28.4 ሚሊዮን ነበር፣ በ2020 ወደ 39.7 ሚሊዮን ዘለለ። ሁሉም ቼክ ሽያጭ አደለም ግን ነገሩ ወዴት እንደሄደ ይገባችኋል። የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ማህበር ራሱ በዛ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጥ ወይ ጠመንጃ የገዛውን ሰው 8.4 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። በሉ እናስላው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፓኬት ብቻ ቢገዛ፣ አንዱ ፓኬት 50 ነው፣ 840 ሚሊዮን ጥይት ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ድሮ የነበረው ተኳሽና አዳኝ ሳይቆጠር።

እኔ ያኔ ፓርኪንግ ጋራዥ ሌሊት ነበር የምሰራው። ከስራ እንደወጣሁ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ስቶሩ። ትራኩ ማክሰኞና ዓርብ እንደሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስቶሩ የሚከፍተው 9 ሰዓት ላይ ነው፣ እኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ የታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ቡናቸውን በፔርሙዝ ይዘው ብርድ ልብስ የደረቡ ሽማግሌዎች ከፊቴ አሉ። ጡረተኞች ናቸው፣ በየትራኩ ይመጣሉ፣ ስም ለስም ይተዋወቃሉ፣ እንደ እድር ነገር ሆነዋል። በሩ መስታወት ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፣ ሁለት ፓኬት ለአንድ ሰው ይላል። የስቶሩ ሰራተኛ ከመክፈቻው ግማሽ ሰዓት በፊት ወጥቶ ቁጥር ያድላል፣ ቁጥር ካላገኘህ ወደ ቤትህ።

አንድ ቀን ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ሚስቱን፣ አማቱንና ልጁን ይዞ መጣ። አራት ሰው ስምንት ፓኬት፣ ሂሳቡ ይሄው ነው። አማትየዋ እንኳን ሽጉጥ ሊተኩሱ ቆመው ለመዋል የሚቸገሩ ሴትዮ ናቸው። ልጁ ጋ ሲደርስ ሻጩ መታወቂያ ጠየቀ፣ 19 ዓመቱ ነው፣ የሽጉጥ ጥይት ደግሞ ሻጭ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ አይችልም፣ መለሰው። አባትየው እንዴት እንደጮኸ! ሸክሙን ይዞ ከወጣ በኋላ ቁጥር ላልደረሰው ሰው ፓርኪንጉ ላይ በእጥፍ ሲሸጥ በዓይኔ አየሁት። ከኋላዬ ያለው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀና ወንበሩን አጣጠፈ።

ጓደኛዬ ግን ከዛ የባሰ ነገር ሰራ (ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተው ነህ የነካካኸኝ)። ተራው ሲደርስ 9 ሚሊ አልቋል። ሼልፉ ላይ የቀረው የሾትገን የወፍ ማደኛና ሁለት ፓኬት 380 የሚባለው የሌላ ሽጉጥ ጥይት ነው። «ይሁን ስጠኝ» አለ። ጥይት ጥይት ነው ብሎ። የመጀመሪያ ሽጉጡን ከገዛ ሶስት ወሩ ነው፣ አንድም ቀን አልተኮሰባትም። ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ስንሄድ እዛ የሚሰራው ሰውዬ ፓኬቱን አየና አስቆመው፣ ከራሱ ኪስ አንድ 9 ሚሊ አውጥቶ ከ380ው ጎን መዳፉ ላይ አቆማቸው። እርሳሱ ውፍረቱ ያው ነው፣ የ380ው ቀለህ ግን 2 ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ የ9 ሚሊው 19 የሱ 17። «ይሄ ያንተ ሽጉጥ አደለም» አለው። ስቶሩ ደግሞ አንዴ የተሸጠ ጥይት አይመልስም። በዛች ጠዋት 380 ሽጉጥ ያለው ሰው፣ ምናልባትም ቁጥር ያልደረሰው ያ ሽማግሌ፣ ባዶ እጁን ሄዷል ማለት ነው።

ያኔ የነበረው ሀሜት ብዛቱ! መንግስት ጠቅልሎ ገዝቶታል፣ ፋብሪካዎቹ ደብቀውታል፣ ምናምን። ፌደራል የሚባለው ጥይት አምራች ኃላፊው በቪዲዮ ወጥቶ አልደበቅንም፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኦርደር ተደርድሮብናል እስከ ማለት ደርሷል። እውነቱ ለሀሜት አይመችም። ሬሚንግተን ሐምሌ 2020 ኪሳራ አውጆ ነበር፣ አርካንሳስ ሎኖክ ያለው ትልቁ ጥይት ፋብሪካው የሚገዛው እስኪያገኝ ድረስ ወራት አለፈ። ከዛ ፕራይመር አለ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሿ ክዳን፣ እሷን በብዛት የሚሰሩት እዚህ አገር በጣት የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ናቸው። ናሱም ባሩዱም ቢትረፈረፍ እሷ ከሌለች ጥይት የለም። አዲስ መስመር ልትከል ብትል ደግሞ በሳምንት የሚሆን ነገር አደለም። ዎልማርት በበኩሉ ነሐሴ 2019 ኤል ፓሶ ላይ ስቶሩ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ከተገደለ በኋላ መስከረም ላይ የሽጉጥ ጥይት መሸጥ አቆማለሁ ብሎ ነበር፣ ከገበያው 20 ፐርሰንት አካባቢ የነበረው ድርሻ ከ6 እስከ 9 እንደሚወርድ ራሱ ተናግሯል። እኔም የምገዛው ከዛ ነበር። እና ሰው ሁሉ ሲሮጥ የሰፈሩ ርካሽ ሼልፍ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

አሁን ወደ ፀቤ ልግባ። ያኔም ዛሬም «ሊሚት ምን ያደርጋል፣ ዋጋውን ልቀቁት፣ ሲወደድ የሚያከማቸው ይተዋል፣ ፋብሪካውም ያመርታል» የሚሉ አሉ፣ ጓደኛዬም አሁን እንደዛ ማለት ጀምሯል፣ ፖድካስት ነው መሰለኝ። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ፋብሪካዎቹ እኮ ቀንና ሌሊት እየሰሩ ነበር፣ ዋጋው ስለጨመረ የሚጨምሩት ሌላ 25ኛ ሰዓት የላቸውም። ድሮ 10 ዶላር አካባቢ የነበረው የ9 ሚሊ ፓኬት ኦንላይን 40 እና ከዛም በላይ ሲገባ ትርፉ በአብዛኛው የገባው መሀል ላይ ገዝቶ ለሚሸጠው፣ አማቱን አሰልፎ ለሚያውለው ሰውዬ ነው። አከማቺው ደግሞ ሲወደድ አይተውም፣ ጭራሽ ይብስበታል፣ ነገ 60 ይገባል እያለ። ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው የጅምላ ግድያ በኋላ በ2013 ይሄው ታይቷል፣ ሃያ ሁለት የምትባለው ልጅ ማለማመጃዋ ርካሿ ጥይት እንኳን ከሼልፍ ጠፍታ ዓመታት ቆየች፣ ሰዉ ባገኘ ቁጥር ስለሚጠቀልላት።

እኔ የቀበሌ ሱቅ ልጅ ነኝ። እናቴ ስኳር መጣ ሲባል ላስቲክ አስይዛ የምትልከኝ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተመዝኖ የሚሰጠኝ። ማንም ያን ሰልፍ አይወደውም፣ ሌብነትም ነበረበት፣ ሚዛኑም ይሰረቅ ነበር። ግን እኛ ቤት ሻይ በስኳር ይጠጣ ነበር፣ ነጋዴው ደብቆ በሚሸጥበት ዋጋ ቢሆን አንጠጣም። ስለዚ መስታወት ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ሳይ እንደ ፈረንጆቹ አልደነገጥኩም፣ እንደውም ደስ አለኝ። እኔ ብሆን አጥብቄ ነበር የምሰራው፣ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ቤት፣ ለሳምንት አንዴ፣ ለጀማሪ ደግሞ ሽጉጡን ሲሸጡለት ሁለት ፓኬት አብሮ ይቀመጥለት። አንዳንድ ስቶር እንደዛ ያደርግ ነበር፣ ጥይቱን ሽጉጥ ለሚገዛ ብቻ ያስቀር ነበር፣ ሰው ሲሰድባቸው ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን ልክ ናቸው ባይ ነኝ። 500 ጥይት ቤዝመንት ውስጥ ካለው ሰው ይልቅ ራሱ ተኩሶ ሳያውቅ ሽጉጥ ትራስጌው ያደረገ ሰው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ልምምድ የሌለው ሽጉጥ ለጎረቤትም ለልጅም አደጋ ነው፣ መሀል ሌሊት ኮሽ ሲል እጁ የሚያውቀው ነገር የለማ።

አያቴ ገጠር ምንሽር ነበረው። ዝናሩን አውልቆ ማታ ማታ በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥር ነበር፣ ለቅሶ ላይ አንድ ከተኮሰ አንዷ ኪስ ባዶ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ሲሞት ዝናሩ ሙሉ አልነበረም፣ ቸግሮትም አያውቅም።

እና ጓደኛዬን ስልክ ላይ ጠየቅኩት። «የዛን ጊዜዎቹ 380ዎች የት ናቸው?» ዝም አለ። «ቁም ሳጥን ውስጥ» አለ ቆይቶ። «አልተከፈቱም?» «ምን ላረጋቸው፣ ሽጉጡ የለኝ።» «ቆይ አሁን ስንት ካርቶን ነው እንግዛ ያልከኝ?» ስል መስመሩ ተቆረጠ፣ ኔትወርክ ነው ብሏል።