ስምንቱን ያዝ፣ ሁለቱን መልስ

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ማንቼስተር ዩናይትድ አርሰናልን 8 ለ 2 ደበደበ። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀጉሬ ሳያድግ፣ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዬ ለአርሰናል የሚሞት ሰው ነው። ቆርጦ ሲጨርስ አሥር ብር አወጣሁና «ስምንቱን ያዝ፣ ሁለቱን መልስልኝ» አልኩት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በሳቅ ሞተ። እሱ አልሳቀም። ከመሳቢያው ሁለት ብር አውጥቶ፣ የወደቀበትን ፀጉር አራግፎ ሰጠኝ።

«እሺ ወንድሜ። ቀን ያልፋል።»

ብሽሽቅ ወለድ እንዳለው ያኔ አላውቅም ነበር።

ለነገሩ ማንን ልፍራ? የዩናይትዴ አሰልጣኝ ፈርጉሰን አሉልኝ። ሽማግሌው በ2005 ዓ.ም. 20ኛውን የሊግ ሻምፒዮንነት አስረከቡንና ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሊጉን በዓይናችን አላየነውም። ግን 20 ቁጥር ነበረችን። ሊቨርፑሎች አፋቸውን ሲከፍቱ «ሃያ!» እንላለን፤ ይዘጋሉ። መሬቱ በአዋጅ ተወርሶበት ደብተሩን ሣጥን ውስጥ እንደሚያቆይ ባላባት ኖርን።

2017 መጣ። ጥቅምት 18 ቀን አሰልጣኛችን ቴን ሃግ ተሰናበተ። አሞሪም የሚባል ጺማም ፖርቹጋላዊ ተተካ። «አሁን ገና ሰው አገኘን!» አልን። ከፈርጉሰን በኋላ ለመጣው አሰልጣኝ ሁሉ ይህንኑ ብለናል። ባለቤቴ ብቻ «ቢያንስ መልክ አለው» አለች። ዓመቱን ሙሉ ስህተት ያልተገኘበት ትንታኔ የእሷ ነው።

ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት፣ ታቦት ሸኝቼ ነጭ ልብሴን ሳልቀይር ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ብራይተን በገዛ ሜዳችን 3 ለ 1 አጠበን። ከጨዋታው በኋላ አሞሪም ራሱ ወጥቶ፣ ምናልባት በክለቡ ታሪክ እጅግ ደካማው ቡድን እኛ ነን አለ። ሰው ለአበሻቂዎቹ እንዲህ ዱላ ያቀብላል? ፀጉር አስተካካዬ ንግግሩን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ለደንበኛ ሁሉ ያሰማል። «እኔ ምንም አላልኩም፣ አሰልጣኙ ነው ያለው» እያለ።

አንድ ሌሊት ግን አልዋሽም፣ ኖሬያለሁ። ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ። ቀን ጉልባን በልቼ ማታ በአራት ሰዓት ከሊዮን ጋር የሚደረገውን የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ ለማየት ወጣሁ። እማዬ «ነገ የምትሰግድበትን ጉልበት ዛሬ እዚያ አትጨርሰው» ብላኛለች። 2 ለ 0 መራን። 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ተመራን። ግማሹ ሰው «ጾም ነው፣ እንተኛ» ብሎ ወጣ። ዩናይትድ ሲሸነፍ ጾም የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ሰባት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሦስት ጎል! የመጨረሻዋን ማጓየር በጭንቅላቱ። 5 ለ 4። የስቅለትን ስግደት እዚያው ሲሚንቶ ላይ፣ በዋዜማው ጀመርኩት።

የደስታው ዕድሜ አሥር ቀን ነው። ሚያዝያ 19 ሊቨርፑል ሻምፒዮን ሆነ። ሃያኛው! ደብተሬ ተቀደደ። የሰፈራችን ሊቨርፑሎች ምንም አልተሳደቡም። ሲያገኙኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሥር፣ ደግመው አሥር ያሳዩኛል፤ ያልፋሉ።

ግንቦት 13 ቢልባኦ ላይ ለዩሮፓ ሊጉ ዋንጫ ከቶተንሃም ጋር ተገናኘን። ሊጉን እነሱ 17ኛ፣ እኛ 15ኛ ሆነን ነው የጨረስነው። የሰፈሩ ሁለት ድሆች ለአንድ ጋቢ ተጣሉ፤ የባሰበት ደሃ 1 ለ 0 ወሰደው። በሊጉ 18 ሽንፈት፣ 42 ነጥብ። ዩናይትድ እንዲህ ዝቅ ያለው በ1966 ከዲቪዚዮኑ ከወረደ ወዲህ ነው ተባለ። ጃንሆይ ዙፋን ላይ ነበሩ እኮ!

ያን ሰሞን ፀጉር ቤት ስገባ ከፀጉር አስተካካዬ በቀር ማንም የለም። ልቀመጥ ስል እጁን አነሳ።

«ወረፋህ 15ኛ ነው።»

አቁሞ አስጠበቀኝ። አርሰናልም እኮ ያኔ ከ1996 ወዲህ ሊግ በልቶ አያውቅም ነበር። ግን ሁለተኛ ወጥቷል፤ ሁለተኛ የወጣ ሰው 15ኛን ማስቆም ይችላል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ነሐሴ 21፣ ግሪምስቢ የሚባል የአራተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ደረሰን። ግሪምስቢ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ሻይ የምታቀርበው ልጅ «ሰው ነው ወይስ አገር?» አለች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። ፔናልቲ። አይቆምም! በረኛ ሳይቀር መታ። ልጅቷ ብርጭቆ ሰብስባ፣ አጥባ፣ ወንበር ገልብጣ ስትጨርስ 12 ለ 11 ተሸነፍን።

በማግስቱ ነሐሴ 22 ነበር። 8 ለ 2 ልክ 14 ዓመቱ። እንደማይቀርልኝ አውቄ፣ ዕዳዬን በአንድ ጊዜ ልክፈል ብዬ በራሴ እግር ፀጉር ቤት ሄድኩ። ቤቱ ሙሉ ነው። ሲያየኝ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ሰዎቹም ዝም አሉ። አንዱ «ቅድሚያ ይውሰድ፣ ችግር የለም» አለ። በቀስታ ቆረጠኝ። ሙቅ ፎጣ አደረገልኝ። አንገቴን አሸልኝ። ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መልሶ ወደ ኪሴ ከተተው።

«ተወው ወንድሜ። ዛሬ አትከፍልም።»

«ኧረ ስምንቱን ያዝ በለኝ!» አልኩት። «ወረፋ ጠብቅ በለኝ! የሆነ ነገር በለኝ!»

ትከሻዬ ላይ የቀረችውን ፀጉር በብሩሽ አራገፈልኝ። ከዚያ ወደተቀመጡት ሰዎች ዞሮ «ቀጣይ» አለ።