መጥሪያ የማይደርሳቸው ሰው

«በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆም ነበር እያሉ አባቶቻችን ይነግሩናል። ከሳሽ ባላጋራውን ገበያ መካከል ካገኘው የኩታውን ጫፍ ከእርሱ ኩታ ጫፍ ጋር አስቋጥሮ፣ ሁለቱም ቁራኛ ሆነው በአንድ መንገድ ሄደው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። ውሃው ሲቆም ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ በደሴ ከተማ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ በሕግ አምላክ ቢባሉ፣ በመጥሪያ ቢጠሩ፣ በራቸው ላይ ማስታወቂያ ቢለጠፍባቸው መፍሰሳቸውን ያላቆሙ አንድ ታላቅ ሰው አሉና ውለታቸውን ሳልጽፍ መሞት አልፈልግም። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ መጥሪያ እንዳደረስሁ ይቆጠርብኛል ብዬ እሰጋለሁ።

ጉዳዩ ቀላል ነው። የልጃቸው እናት የልጁ የወር ቀለብ እንዲወሰንላት በወረዳው ፍርድ ቤት ክስ መሠረተች፤ እኔም ከምስክሮቿ አንዱ ነኝ። ክሱ ሲከፈት ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ወደ ችሎት ይገባ ነበር፤ ዛሬ በገዛ እግሩ ከመምጣቱም በላይ በችሎቱ በር ላይ የሚለጠፈውን የዕለቱን የቀጠሮ ዝርዝር እያነበበ የአባቱን ስም በጣቱ ለእናቱ ያሳያታል። እኚህ ሰው ለልጃቸው ምንም አላደረጉለትም የሚሉ ምቀኞች ይህን ቢያዩ ያፍሩ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ያውም ያለ ክፍያ።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲረቀቅ መጥሪያ ለተከሳሹ በእጁ ይደርሳል ተብሎ ታስቦ ነበር። አርቃቂዎቹ ብዙ ነገር አስበዋል፤ የወሎን ቡና ግን አላሰቡም። የመጀመሪያውን መጥሪያ የያዘው ወጣት ሰኞ ማለዳ ከደጃፉ ደርሶ «እማማ፣ ልጅዎ አሉ?» ብሎ ሲጠይቅ እናትየው «አብሽር ልጄ፣ ግባ እንጂ! ደጅ ቆሞ የምን ጥያቄ ነው?» ብለው እጁን ይዘው አስገቡት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ረከቦቱ ቀርቧል። ወጣቱ ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቦሉን ጠጣ። ቶናው ሲቀዳ እናትየው የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የትውልድ ቀዬውን ጠየቁት፤ ኩታበር መሆኑን ሲነግራቸውም በአንዲት አክስት በኩል ዘመድ ሆነው ተገኙ። በረካው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ረዥም ምርቃት ጀመሩ፤ ወጣቱም ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» እያለ ሳለ የጓሮው በር ሲጥጥ አለ። ወጣቱ ዓይኑን ሲገልጥ እናትየው በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ «ዛሬ ሰኞ አይደል? ባቲ ገበያ ወርዷል» አሉት። በመጥሪያው ጀርባ ላይ «ተከሳሽ ባለመገኘቱ አልደረሰም» ተብሎ ተጻፈ፤ እውነት ለመናገር ከዚህ የጠራ የእጅ ጽሕፈት በመዝገቡ ውስጥ የለም።

የአንቀጽ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ «ይቻላል» ሲል በጣሊያንኛው «ግድ ነው» እያለ አገር ማዋጋቱን ያልሰማ የለም። የእኛ ሰው ይህን ታሪክ ለግል ጥቅም ያዋሉ የመጀመሪያው ሊቅ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ መጥሪያው «እንድትቀርብ» ብሎ ያዘዘውን እርሳቸው «ብትቀርብ ይቻልሃል» ብለው ይተረጉሙታል። ስለማይቻላቸውም አይቀርቡም።

ፍርድ ቤቱም የራሱ ብልሃት አለው። ተከሳሹ ሆን ብሎ እየተሰወረ መሆኑ ሲታመን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 105 መሠረት መጥሪያው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በመኖሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ እንዲደርስ ያዛል። ተለጠፈ። ወረቀቱ ሦስት ቀን ሳይሞላው ለጎረቤት ልጆች አውሮፕላን ሆነ፤ አንዱ አውሮፕላን እኔ ግቢ አርፎ «ለተከሳሽ» የሚለውን ቃል ክንፉ ላይ አንብቤያለሁ። በቀጠሮው ቀን ባለመቅረባቸው በአንቀጽ 70 መሠረት ጉዳዩ በሌሉበት ታየና ቀለብ እንዲከፍሉ ተወሰነ። እዚህ ላይ ተራ ሰው ቢሆን ተሸነፍሁ ብሎ ኪሱን ይዳብስ ነበር። እኚህ ሰው ግን የሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 78 በሌለበት የተወሰነበት ተከሳሽ መጥሪያው በደንቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ፣ ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት እንደሚችል ያውቃሉ። መጥሪያው ለወራት ያልደረሳቸው ሰው የውሳኔው ወሬ በማግሥቱ ደረሳቸው። ከረባት አስረው፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሚሠራው ራፖር ጸሐፊ «በአገር ውስጥ ለሥራ ስዘዋወር» የሚል አቤቱታ አስጽፈው፣ ከበር ጠባቂው ቀድመው ተገኙ። ሰውዬውን በፍርድ ቤት ግቢ በአካል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሽቱ ተቀብተው ነበር።

መዝገቡ እንደገና ሲከፈት ደግሞ ሃይማኖታቸው ጠነከረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይደነግጋልና፣ እርሳቸውም በመደበኛው ችሎት ቆመው «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሸሪዓ ልዳኝ» አሉ። የልጁ እናት ነገሩ ካለቀልኝ በየትም ይሁን ብላ ወደዚያው ስትሄድላቸው፣ ቃዲው ፊት «ፈቃዴን መቼ ሰጠሁ?» ብለው ጠየቁ። በሁለት በር መካከል ቆሞ በሁለቱም አለመግባት የሚቻለው በዘራችን ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ቀጥሎ ሽማግሌ ላኩ። በወሎ ዕርቅ ለመነ የተባለን ሰው ማን ደፍሮ እምቢ ይለዋል? አስታራቂው አበጋር ተቀመጠ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ችሎቱም ስምምነት ካለ ይቅረብ ብሎ ጊዜ ሰጠ። ስምምነቱ ተደርሷል፤ የጎደለው የእርሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።

ስለ ተለዋጭ ቀጠሮ ምክንያቶቻቸው በዝርዝር ልጻፍ ብል ቀለም ያልቅብኛል። አንዲት አያታቸው ብቻ አራት ጊዜ አርፈዋል፤ በሦስተኛው ቀብር እኔም ሳላውቅ «ነፍስ ይማር» ብያለሁ። ሕጉ በአንቀጽ 197 ቀጠሮ ያስለወጠ ወገን በዚያ የተነሣ የደረሰውን ወጪ እንዲተካ ማዘዝ እንደሚቻል ይናገራል፤ ነገር ግን ሴትዮዋ ወጪዋን በደረሰኝ እንድታስረዳ ስትጠየቅ የባጃጅ ሹፌር ደረሰኝ እንደማይሰጥ ታወቀ። ፍርድ ቤቱም አልፎ አልፎ ያግዛቸዋል፤ አንድ ጊዜ ዳኛዋ ሥልጠና ላይ ነበሩ፣ አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፣ አንድ ጊዜ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ዋለ። እኛ ምስክሮችስ? ጠዋት ሥራ ፈትተን እንሄዳለን፣ እኩለ ቀን ላይ «ተቀጥሯል» ተብለን እንመለሳለን፣ ቤታችን ስንደርስም የችሎት ነገር እንዲህ ነው ብለን ምሳችንን እንበላለን። እርሳቸውን በጓሮ ሲወጡ ያየን ሁሉ «የት ሄዱ?» ስንባል አቅጣጫውን በትክክል ጠቁመን አናውቅም።

በመጨረሻ ሥልጣኔ መጣ። በአገራችን በቪዲዮ ስክሪን የሚካሄደው የፕላዝማ ችሎት የተጀመረው ባለጉዳይ ለሰበር ክርክር ከክልል ወደ አዲስ አበባ እንዳይመላለስ ነበር፤ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የእኛ ሰው ሰመራ ለሥራ መውረዳቸውን በጽሑፍ ሲያሳውቁ ዳኛዋ ነገሩ ሰልችቷቸው «እንግዲያው ባሉበት ሆነው በቪዲዮ ይሰማሉ» ብለው አዘዙ። ኩታ ለኩታ መቋጠሩ በዚህ ዘመን በኔትወርክ ሊተካ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዕለቱ የችሎቱ ስክሪን በራ። አስቀድሞ ጣራ ታየ፣ ከዚያ አንድ ጆሮ፣ ከዚያ እርሳቸው። «ተከሳሽ፣ አሁን የት ነው ያሉት?» «ሰመራ ነኝ ክቡር ፍርድ ቤት፤ ሙቀቱ አይቻልም» አሉና የለበሱትን ጋቢ ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉት። ከኋላቸው ባለው መስኮት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማችን ራስጌ የተንጋለለው የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደተከናነበ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጦሳ ወደ አፋር የወረደበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ። ከስክሪኑ ጠርዝ አንዲት ያረጀች እጅ ስኒ ይዛ ገባች፣ ስኒውን አስቀምጣ ወጣች። ዳኛዋ በዚያ ሰዓት መዝገቡ ላይ አቀርቅረው ነበር።

«የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

እርሳቸው አፋቸውን በግማሽ ከፍተው፣ አንድ ቅንድባቸውን ሰቅለው፣ ደርቀው ቀሩ። «ተቋረጠ» አለ የችሎት ሠራተኛው። እውነትም ሥዕል ሆነዋል፤ ዓይናቸው እንኳ አይርገበገብም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያየሁት ፎቶ ቤት ቆሞ በነበረ ሙሽራ ፊት ላይ ብቻ ነው። በዚህ መሐል ልጁ የእናቱን ነጠላ ጎተት አድርጎ «እማ፣ ጭሱ ይንቀሳቀሳል» አለ። ቀና ብዬ ሳይ ከስኒው የሚወጣው እንፋሎት በአባቱ ደረቅ ፊት ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። የችሎቱ ፖሊስ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ልጁን ዝም አሰኘው፤ ችሎት ውስጥ ሳይፈቀድ መናገር ክልክል ነው። ግንኙነቱ በመቋረጡ ጉዳዩ ለኅዳር 14 ተቀጠረ። «ኅዳር 14» የሚለው ቃል እንደተነገረ ኔትወርኩ ተመለሰና «ተሰምቷል ክቡር ፍርድ ቤት» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

ያን ዕለት ማምሻውን በቤታቸው በኩል ሳልፍ እናትየው ከደጅ አዩኝና «አብሽር ወንድምዬ፣ ግባ፤ ቡናው ሊወጣ ነው» አሉኝ። ገባሁ። ረከቦቱ ላይ ሦስት ስኒ ተደርድሯል፤ እኛ ግን ሁለት ነን። ከጓዳው ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎም ስልክ ሲሞላ የሚያሰማው ድምፅ።

«ልጅዎ እንዴት ነው?» አልኋቸው።

«ሰመራ ነው፤ ሙቀቱ ገደለው» አሉኝና ሦስተኛውን ስኒ ሞልተው ወደ ጓዳው ይዘው ገቡ። ተመልሰው ሲመጡ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልሁ፣ በረካውንም ጠጥቼ ወጣሁ።